የሌላ ሰው ወንጀል በስሜ መጣብኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጋዘን ሥራ አግኝቼ ጫማውን ሁሉ ገዝቼ ነበር። ባለፈው ሰኞ ቀጣሪው በላከልኝ ኢሜይል፣ ያለፈ ታሪኬን ያጣራበት ባክግራውንድ ቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 ቨርጂኒያ ውስጥ በስርቆት ተፈርዶብኛል እንደሚል ነገረኝ። እኔ አሜሪካ የገባሁት በ2021 ነው! የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ (ኤችአር) ደውዬ ብለምናቸውም «ሪፖርቱ የሚለው ይህን ነው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልመናውን ይተዉት። ስልኩን ያነሳልዎት ሰው ሪፖርቱን ማረም አይችልም። ማረም ያለበት ሪፖርቱን አዘጋጅቶ የሸጠላቸው ድርጅት ነው።

ኢሜይሉን እንደገና ይክፈቱት። የሪፖርቱ ቅጂና መብትዎን የሚዘረዝር ጽሑፍ አብሮት መኖር አለበት። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት «አንቀጥርህም» ከማለቱ በፊት ሁለቱንም እንዲሰጥዎት ያስገድደዋል። ካልሰጠዎት እሱ ራሱ ጥሰት ነውና ኢሜይሉን እንዳያጠፉት።

አሁን ሪፖርቱ ላይ የተፈረደበት ሰው እርስዎ ነዎት የተባለው በምን እንደሆነ ይዩ። ጥርጣሬዬን ልንገርዎት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ላስት ኔም ብለን የምንሞላው የአባት ወይም የአያት ስም ነው፤ ተስፋዬ የሚባል ደግሞ ስንት አለ! በዚያ ላይ ልደታችን ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበልን ብዙ ነን። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔት የሚያሳዩት መዝገብ ደግሞ የተከሳሹን የትውልድ ወርና ቀን እንጂ ዓመቱን አያወጣም። ስሙና ጃንዋሪ 1 ከገጠሙ ሁለት ሰው አንድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ይዘው ለዚያ ፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ (ክለርክ) ይደውሉና የፋይሉን ቅጂ ይጠይቁ። የሰውየው አድራሻ፣ ቁመት፣ አንዳንዴም ሙሉ የልደት ቀን እዚያ ይገኛል። አሜሪካ የገቡበትን ቀን ከሚያሳየው አይ-94ዎና ከፓስፖርትዎ ኮፒ ጋር አያይዘው «ይህ መዝገብ የእኔ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ለድርጅቱ መላኩን በሚያረጋግጥ ፖስታ (ሰርቲፋይድ ሜይል) ይላኩ። ክለርኩ ከዘገየ አይጠብቁት፤ አይ-94ዎ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ድርጅቱ ያለ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት፤ በመሃል ተጨማሪ ማስረጃ ከላኩ እስከ 45 ሊደርስ ይችላል።

የደብዳቤውን ቅጂ በዚያው ቀን ለቀጣሪው በኢሜይል ልከው ውሳኔውን እንዲያቆይልዎት ይጠይቁ። እስከ 30 ቀን እንዲጠብቅ ግን ሕጉ አያስገድደውም። ብዙዎቹ የሚሰጡት አምስት የሥራ ቀን ነው፤ ኢሜይሉ የደረሰዎት ሰኞ ከሆነ ጊዜዎ አጭር ነው።

ሥራው ካመለጠዎት ድርጅቱን መክሰስ ይችላሉ፤ ስሕተቱን ካወቁ ጀምሮ ሁለት ዓመት አለዎት። ከረቱ የጠበቃዎን ክፍያ ተከሳሹ ስለሚከፍል፣ ቅድሚያ ሳይጠይቅ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃ ሊያገኙ ይችላሉ።

እስከዚያ ሌላ ቦታ ሲያመለክቱ፣ ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስዎ ያው «አይ» ነው። ሪፖርቱን ፈርተው «አዎ» የሚሉ አሉ።