በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ እንዴት ልማድ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ 7 ኪሎ ሜትር ነው። በብስክሌት መመላለስ ደጋግሜ ብጀምርም፣ ዝናብ ወይም ድካም አንድ ቀን ካስቀረኝ በዚያው እተወዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቀሩበትን አንድ ቀን እንደ ሽንፈት መቁጠርዎ ሳይጎዳዎት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት፣ አንድ ድርጊት ብዙ ሳይታሰብበት የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን በአብዛኛው 66 ቀናት ገደማ እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀናት ሊለያይ እንደሚችል ገምቷል፤ አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን ያን ያህል እንደማያሰናክለው አሳይቷል። ስለዚህ ሳምንቱን በሙሉ ከሚይዙ ይልቅ ማክሰኞንና ሐሙስን ብቻ ለብስክሌት ቢመድቡ፣ ከጸኑ በኋላም ቀን ቢጨምሩ እንመርጣለን።

ዋናው ሥራ ያለው ማታ ነው። ጠዋት ሰበብ እንዳያገኙ ቅያሪ ልብስዎን፣ የዝናብ ልብስዎንና መብራትዎን አዘጋጅተው ይደሩ፤ የጎማውን አየርም በጎኑ ላይ ከተጻፈው የግፊት መጠን ጋር ያመሳክሩ። ብዙ ሰው ዳገቱን ያማርራል እንጂ አየር ያነሰው ጎማ እያደከመው መሆኑን ልብ አይልም። እንዲህ ያለው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የውስጡ ላስቲክ በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

ላብ ካሳሰበዎት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ቢሄዱ 28 ደቂቃ ይበቃዎታል።