የእርድ እንክብል ኮሎኖስኮፒን ይተካል ወይ ላልሽው እኅቴ

«እናቴ በ47 ዓመቷ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባት። እኔ 39 ሞልቶኛል። ኮሎኖስኮፒውን፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የሚያዩበትን ምርመራ፣ ስለምፈራ የእርድ እንክብል ጀምሬአለሁ፤ ይበቃኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃሽም፣ እኅቴ። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ ስለተመለስኩ ነው።

ወንድሜ በዚሁ በሽታ የታመመው በ51 ዓመቱ ነበር። እዚህ አሜሪካ ያለችው ሐኪሜ «አንቺም ተመርመሪ» ስትለኝ ነገ ዛሬ እያልኩ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ። በመካከሉ አንዲት ጓደኛዬ ኩርኩሚን የሚባለውን፣ እርድን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር፣ በእንክብል መልክ አመጣችልኝ። ደስ አለኝ። ከእናቴ ጓዳ የማውቀው ነገር ስለሆነ መድኃኒት እንኳ አልመሰለኝም።

ነገሩ ተረት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሳይንቲስቶች በሰው ላይ ሞክረውታል። ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው። ይህ ለሌላ በሽታ ትልቅ ድክመት ቢሆንም ለአንጀት ግን ተስፋ ሰጠ፤ ያልተመጠጠው እዚያው ትልቁ አንጀት ድረስ ይወርዳልና። በ2011 በታተመ ሙከራ አጫሾች ለ30 ቀን ኩርኩሚን ወሰዱ። በቀን 4 ግራም የወሰዱት፣ ከፖሊፕም (በአንጀት ግድግዳ ላይ ከሚበቅለው ትንሽ እባጭ) በፊት በአንጀት ሽፋን ላይ የሚታዩት የተዛቡ ጥቃቅን ክምችቶች በ40 በመቶ ያህል ቀነሱላቸው። 2 ግራም የወሰዱት ግን ምንም ለውጥ አላዩም። ሙከራውን የጨረሱት 41 ሰዎች ሲሆኑ ባዶ እንክብል የሚውጥ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የማርሲያ ክሩዝ ኮሬያ ሥራ ነው። ይህች ተመራማሪ በ2006 ከባልደረቦቿ ጋር፣ በዘር በሚወረስ ሕመም ምክንያት አንጀታቸው ፖሊፕ ለሚያፈራ አምስት ሰዎች ኩርኩሚንን ከሌላ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ጋር ለስድስት ወር ያህል ሰጠች። የፖሊፖቹ ቁጥር በ60 በመቶ ያህል ቀነሰ። ብዙ ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። በ2018 ያወጣችው ሙከራ ግን 44 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ነበር፤ አንዱ ወገን በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን፣ ሌላው ባዶ እንክብል፣ ለ12 ወር። በፖሊፖቹ ቁጥርም ሆነ መጠን ልዩነት አልተገኘም። የራሷን ተስፋ ራሷ ፈትና ውጤቱን ሳትደብቅ በማውጣቷ አከብራታለሁ። የእንክብል ነጋዴዎች ግን ዛሬም የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ነው።

በወጥ እተካዋለሁ ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ ሒሳቡን እይው። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። 4 ግራም ለማግኘት በየቀኑ ከ100 ግራም በላይ እርድ መብላት ይኖርብሻል። ያንን አልጫ ማን ይቀምሰዋል?

ወደ ራሴ ልመለስ። የእኔ እንክብል ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበት ነበር። ቁንዶ በርበሬ ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን እጅግ ያበዛዋል፤ አስቢው፣ ለአንጀት ተስፋ የተጣለበት ወደ ደም ስለማይገባ ነው፣ እኛ ደግሞ እንዲገባ አድርገን እንገዛዋለን። በአምስተኛው ወር ደሜ ሲታይ የጉበቴ ኢንዛይሞች ከልክ በላይ ወጥተዋል። ሐኪሟ «ምን ትወስጃለሽ?» ስትለኝ «ምንም» አልኩ። እርዱ ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ጠርሙሱን ሳየው ነው። ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ ጉበቴ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጣሊያንና በአሜሪካም ከእንዲህ ዓይነት እንክብሎች ጋር የተያያዙ የጉበት ጉዳቶች ተመዝግበዋል፤ ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለባቸውም በውስጣቸው አሉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪምሽ ንገሪ። ወጥ ውስጥ ያለውን እርድ ግን ተይው፣ እሱ ጣጣ የለውም።

ከዚያ በኋላ በ43 ዓመቴ ኮሎኖስኮፒውን አደረግሁ። ሁለት ፖሊፖች ተገኙ፤ እዚያው ተቆርጠው ወጡ። አንዱ ቆይቶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ነበር። (በእኔ በአንዷ እርዱ አይሠራም ማለት አይቻልም፤ ግን እንክብሉን ስውጥ ከርሜም እነሱ ከቦታቸው አልጠፉም።) አሁን በየ5 ዓመቱ እታያለሁ።

እዚህ የሚሠራበት ደንብ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት 60 ዓመት ሳይሞላው ለታመመበት ሰው ምርመራው በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ ላይ 10 ተቀንሶ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጀመር የሚል ነው። ላንቺ 37 ነበር። ሁለት ዓመት አልፎሻል፤ ነገ ደውዪ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ምርመራው ተኝተሽ ነው የሚያልፈው። አስቸጋሪው በዋዜማው የሚጠጣው አንጀት አጣቢ ፈሳሽ ነው። እኔ ጿሚ ስለሆንኩ አለመብላቱ አላስጨነቀኝም፤ ፈሳሹን ግን አቀዝቅዤ፣ በቀጭን ቱቦ እየሳብኩ ነው የጨረስኩት። ቀይ ነገር አትጠጪ፣ ደም ይመስላቸዋል። ወተት የሌለው ሻይ ይፈቀዳል። ማደንዘዣ ስለሚሰጡሽ መኪና መንዳት አትችዪም፤ የሚወስድሽ ሰው ያስፈልጋል። እኔን የወሰደኝ ያው ወንድሜ ነው፣ ድኖ። ከሐኪም ቤቱ ስወጣ በሳህን ክክ አልጫ ይዞ ጠበቀኝ፣ እርዱ የበዛበት።