ለሰርቪስ ዶግሽ መታወቂያ እንዳትገዢ

እህቴ፣ «አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው፤ ለሰርቪስ ዶጌ (በአካል ጉዳቴ እንድትረዳኝ ለሠለጠነችው ውሻዬ) ኦንላይን የሚሸጠውን መታወቂያ ልግዛ ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም እንዳትገዢ። ያ ካርድ በሕግ ፊት ምንም ዋጋ የለውም። ብርሽን ለምግቧና ለክትባቷ አውይው።

1. ሁለቱን ጥያቄዎች እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ (ኤዲኤ) ችግርሽ በዓይን የማይታይ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሁለት ነገር ብቻ እንዲጠይቁሽ ይፈቅዳል፦ ውሻዋ የምታስፈልግሽ በአካል ጉዳት ምክንያት ነው ወይ? ምን እንድትሠራ ሠልጥናለች? ሰርተፍኬት አምጪ ወይም እስቲ ሠርታ ታሳየን ማለት አይችሉም። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስሽን ከቤት ይዘሽ ሂጂ። «ታጽናናኛለች» ብቻ ካልሽ ውሻሽን ከስሜት ድጋፍ እንስሳ ይመድቧታል፤ እሱ ደግሞ ሌክቸር ክፍል የመግባት መብት አይሰጥሽም። እኔ «ስኳሬ ሲወርድ በአፍንጫዋ እየጎሸመች ታስጠነቅቀኛለች» እላለሁ። በቃ።

2. ዶርም ላይ ጠንክሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የዶርም ቢሮዋ ሴትዮ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየሰማ «ሕመምሽ ምንድነው?» አለችኝ። ቀጥላ የቤት እንስሳ ክፍያ ጠየቀችኝ። ሳልከፍል ስቀር ደግሞ «አብራሽ የምትኖረው ልጅ አለርጂ አለባት፣ ውሻዋ ቤተሰብ ጋ ትቆይ» አለች። ስኳሬ ሌሊት ሲወርድ ማን ሊቀሰቅሰኝ ነው? አለርጂ መከልከያ ምክንያት አይሆንም፤ ክፍል ቀይረው ሁለታችንንም ማስተናገድ ነበረባቸው። ክፍያም የለም፤ ውሻዋ ያበላሸችው ነገር ካለ ብቻ ነው የምትከፍይው። ኮስተር ብዬ «ያልሽኝን በኢሜይል ጻፊልኝ» አልኳት። አልጻፈችም። እኔ ግን የተባባልነውን ሁሉ የዚያኑ ዕለት ጽፌ ላኩላት፤ ለዩኒቨርሲቲው የ504 አስተባባሪም (የአካል ጉዳተኞችን መብት ለሚከታተለው ሰው) ኮፒ አደረግሁ። ክፍያው ተሰረዘ፣ ክፍልም ተገኘ። ስለዚህ በቃል የሚነግሩሽን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊው፣ አደራ።

3. ውሻሽ ሥርዓት ይኑራት። ዝም ብላ ብትጮኽና ማስቆም ቢያቅትሽ፣ ወይም ክፍል ውስጥ ብትጸዳዳ፣ ያን ጊዜ አስወጡልን የማለት መብት አላቸው። የእኔዋ ሌክቸሩ እስኪያልቅ እግሬ ሥር ተኝታ ድምፅ አታሰማም፤ አስተማሪዎቹ መኖሯንም ይረሳሉ። ማሠልጠኑ ብዙ አድክሞኛል፣ ግን እኮራባታለሁ። ላቦራቶሪ ያለው ኮርስ ከወሰድሽ ሴሚስተሩ ሳይጀመር አነጋግሪያቸው፤ ንጽሕናው በጥብቅ የሚጠበቅ ክፍል ውስጥ ሊከለክሉ ይችላሉ። የምትገቢው የግል ዩኒቨርሲቲ ይሁን የመንግሥት ንገሪኝና የላክሁትን ኢሜይል በውስጥ እልክልሻለሁ።