ለኤስ ኤም ፒ ሰርተፊኬት እንዴት ልዘጋጅ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ገብቼ አነበብኩት። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ጸጉር ቤት ትሠሪያለሽ፤ የስካልፕ ማይክሮፒግመንቴሽን (ኤስ ኤም ፒ)፣ ማለትም የራስ ቆዳ ላይ በመርፌ ቀለም እየነጠቡ ጸጉር የማስመሰል ኮርስ ጀምረሻል፤ የሰርተፊኬት ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። «ማሽን ገዝቼ ቀን ከሌት ልለማመድ ወይስ ላንብብ?» ነው ያልሽው። እኔም እንዳንቺ ከጸጉር ቤት ነው የመጣሁት። ዘጠኝ ዓመት ሹሩባ ስሠራ ቆይቼ ነው ወደዚህ ሥራ የገባሁት። መልሴ አጭር ነው፦ ከእጅሽ በፊት ዓይንሽን አሠልጥኚ። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

ግን መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። ሰርተፊኬቱ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ተምረሻል ይላል፤ በቃ። ፈቃዱ እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ሥራ ከንቅሳት ጋር ነው የሚቆጠረው፤ የኮስሞቶሎጂ ላይሰንስሽ አይሸፍነውም። ከ2012 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት በካውንቲሽ ጤና ቢሮ በየዓመቱ ትመዘገቢያለሽ። በደም ስለሚተላለፉ በሽታዎች በየዓመቱ ስልጠና ትወስጃለሽ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድሽን፣ ካልሆነም አልፈልግም ብለሽ መፈረምሽን ታሳያለሽ። የምትሠሪበት ቤትም የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ክትባቱን እባክሽ ውሰጂ። በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ የሚወጉት ነው፤ እስኪያልቅ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበዪ።

አሁን ወደ ዓይን ልመለስ።

ሁለተኛዋ ሞዴሌ፣ ማለትም እንድለማመድባቸው የፈቀዱልኝ ሰው፣ የአንድ ጓደኛዬ አክስት ነበሩ። አናታቸው ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ቦታ ሳስቷል። «ልጄ፣ ነጠላዬን ሳወርድ አፍራለሁ፤ ብቻ ጥቁር አድርጊልኝ» አሉኝ። ቀለሙን በጥብጬ፣ መርፌውን ገጥሜ ተዘጋጅቻለሁ። አስተማሪዬ መጣችና መብራቱን ጎትታ አቀረበችው። «ቆዳው ያብለጨልጫል። የጸጉር ቀዳዳ ይታይሻል?» አለችኝ። አይታይም። ዳር ዳሩ ቀላ ብሏል። «ያሳክክዎታል?» ብላ ስትጠይቃቸው «ያሳክከኛል፤ ማታ ማታማ ያቃጥለኛል» አሉ። ሥራው እዚያው ቆመ።

የቆዳ ሐኪም ሲያያቸው ሲሲሲኤ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። ከአናት ተነስቶ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ የጸጉሩን ሥር አጥፍቶ ጠባሳ የሚተው በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። በጊዜ ከታከመ የቀረውን ጸጉር ማትረፍ ይቻላል። እኔ በቀለም ሸፍኜው ቢሆን እኚያ እናት ተገላገልኩ ብለው ይቀመጡ ነበር፤ በሽታው ግን ከሥር ይቀጥላል። እስከ ዛሬ ሳስበው ልቤ ይደነግጣል።

ስለዚህ ንባብሽ እዚህ ላይ ይክበድ። የጸጉር መሳሳት የሚለካባቸውን፣ የወንዶቹን የኖርዉድ ሰባት ደረጃ፣ የሴቶቹን የሉድቪግ ሦስት ደረጃ በቃልሽ ያዢ፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ከዚያ አልፈሽ ግን ላሽን ከቆረቆር፣ ሁለቱን ደግሞ ከሹሩባ ጉዳት መለየት ልመጂ። ሹሩባ ሲጠብቅ ከግንባርና ከጆሮ ፊት የሚሄደውን ጸጉር አንቺም በዓይንሽ አይተሽዋል። እኛው ነን ስንጎትተው የኖርነው። ደንበኛዋ አሁንም አጥብቃ የምትሠራ ከሆነ መጀመሪያ መሳቡ ይቁም፤ ቀለሙ ይደርሳል። ኬሎይድ (አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) ኖሮባት እንደሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ፣ ስኳሯ በቁጥጥር ሥር መሆኑን ሳትጠይቂ መርፌ እንዳታነሺ።

ስለ እጅ ደግሞ። ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ጥልቀት። ላይ ላዩን ከቀረ ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይረግፋል። ጠልቆ ከገባ ይሰፋል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሞዴሌ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የአናቱን ቆዳ በለመድኩበት ጉልበት ከግንባሩ ጎን፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሠራሁት። የዚያ ቦታ ቆዳ ግን ስስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲመጣ ነጥቦቹ የምስር ፍሬ አክለው ጠበቁኝ። ቀለሙን ለማስነሳት ሌዘር ቤት የወሰድኩት በራሴ ወጪ ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኩትም አንዴ ብቻ አይደለም።

የመለማመጃው አርቴፊሻል ቆዳ ይህንን አይነግርሽም። አይደማም፣ አያብጥም። ስለዚህ እሱ ላይ ጥልቀትን ሳይሆን ቆዳ መወጠርን፣ መርፌውን ቀጥ አድርጎ መያዝንና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ተለማመጂ። እሑድ ሙሉ ቀን ከምትሠሪ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበልጣል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት እርሳስና ወረቀት ብቻ ይዘሽ ተቀመጪ። ወንድ ጸጉር ቤት ሂጂና አስፈቅደሽ፣ በምላጭ የተላጨ ራስ በቅርብ ፎቶ አንሺ። ፀጉሩ በሰልፍ አልቆመም፤ እዚህ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይሳሳል። ግንባር ላይ ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ አይመስልም። ያንን በእርሳስ ስለሽ ሳትጨርሺ ነጠብጣብሽ የበቆሎ ረድፍ ነው የሚሆነው።

ቀለሙን የደንበኛዋን ቆዳ ብቻ ሳይሆን የበቀለውን አጭር ጸጉር ጥቁረትም አይተሽ በጥብጪ። መጀመሪያ ቀን ቀለል አድርገሽ ግቢ፤ አሥር ቀን ገደማ ቆይታ ስትመለስ ታጠቁሪዋለሽ። ማጥቆር ይቻላል፤ ማንሳት ግን መከራ ነው። እስኪድን ላብ፣ ፀሐይ፣ ቅባት የለም። ለእኛ ሰው ደግሞ ቅቤን ስሙን ጠርተሽ ከልክዪ። «ቅባት» ስትዪ ቅቤን የማይቆጥር ብዙ ነው።

ንጽሕናው ላይ የጸጉር ቤት ልማዳችን ይጎዳናል። ማበጠሪያው ላይ ጀርም የሚገድለውን መድኃኒት ረጨት አድርገን ወዲያው እንጠርጋለን አይደል? የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደርቆ እንኳን ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። መድኃኒቱ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ካልቆየ አይገድለውም። ፈታኞች ይህንን በደንብ ያያሉ። እኔ ማርክ የተቀነሰብኝ በጓንት እጄ የመብራቱን እጀታ ስለነካሁ ነው። መብራቱን፣ የማሽኑን ገመድ፣ የውኃውን ጠርሙስ ሥራ ሳትጀምሪ በፕላስቲክ ሸፍኚ፤ ቤትሽ ስትለማመጂም እንዲሁ አድርጊ፤ እጅሽ ይልመደው።

የወረቀቱን ሳምንት ስትጨርሺ የሠራሽውን በቅርብ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ማታ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።