የተቆላ ቡና ወደ ጀርመን፦ ቀረጡ ሌላ፣ ታክሱ ሌላ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቡና እየቆላሁ አሽጌ እሸጣለሁ። ፍራንክፈርት ሱቅ ላለው የአጎቴ ልጅ 300 ኪሎ የተቆላ ቡና በአውሮፕላን ላክሁለት፤ ዋጋው 3,600 ዩሮ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ አውሮፓ ቀረጥ እንደማይከፈልበት ነበር የምሰማው። እሱ ግን 7.5 በመቶ ቀረጥ፣ በዚያ ላይ ደግሞ የቡና ታክስ አስከፈሉኝ ይላል። ተሳስተውበት ነው? ጥሬውን ልኬለት እዚያ ቢቆላውስ ይሻላል?

መልስ፦ ታክሱ ትክክል ነው። ቀረጡ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀር ነበር።

ሁለቱን የሚጥሉት የተለያዩ መንግሥታዊ አካላት ናቸው። ቀረጡን የሚወስነው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ኅብረቱ ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ አይቀርጥም፤ ካፌይኑ ባልወጣለት የተቆላ ቡና ላይ ግን 7.5 በመቶ ይጥላል። ጥሬውን በነፃ አስገብቶ የተቆላውን መቅረጥ የራስን ቡና ቆዪ ነጋዴዎች ከውድድር መከለል ነው፤ ብዙ አገሮችን የሚጎዳውም ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ግን እጅግ ላላደጉ አገሮች በተሰጠው፣ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው ሥርዓት ውስጥ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለች ለእርስዎ ዜሮ ነው።

ዜሮው ካልተጠየቀ አይሰጥም። ኢንቮይሱ ላይ የስሪት አገር መግለጫ ሊጻፍ ይገባል። ቃሉ በኅብረቱ ሕግ የተወሰነ ስለሆነ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ እንዳለ ይገለበጣል፤ በራስ አባባል መጻፍ አይቻልም። ቡናው እዚሁ በቅሎ እዚሁ ስለተቆላ መግለጫው ላይ የሚገባው የስሪት ምልክት «ፒ» የሚለው የላቲን ፊደል ነው። ጭነቱ እስከ 6,000 ዩሮ ከሆነ ማንኛውም ላኪ መግለጫውን ይጽፋል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የተመዘገበ ላኪ ቁጥር ያስፈልጋል። የእርስዎ 3,600 ስለሆነ ቁጥር አያሻም። መግለጫውን አሁንም ጽፈው ይላኩለት፦ ዕቃው በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ከቀረበ የጉምሩክ ወኪሉ ተመላሽ ሊጠይቅበት ይችላል። የማጓጓዣውን ድርሻ ሳንቆጥር 270 ዩሮ ነው፤ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

የቡና ታክሱ የጀርመን የራሷ ነው፦ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ። ቡናው የይርጋጨፌ ሆነ የብራዚል ልዩነት የለውም። ለ300 ኪሎ 657 ዩሮ ይመጣል። ጀርመኖች ይህን ገቢ ማሳደድ የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪክ በ1781 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ ቡና መቁላትን ከልክሎ፣ ከየቤቱ የሚወጣውን ሽታ እያነፈነፉ የሚያጋልጡ ጡረተኛ ወታደሮች አሰማርቶ ነበር። በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣውና በቡና ታክሱ ድምር ላይ ደግሞ 7 በመቶ ቫት ይሰላል፤ የአጎትዎ ልጅ ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ከሆነ ይህን ያስመልሳል። 2.19ኙን ግን ከመጀመሪያው የመሸጫ ዋጋው ውስጥ ያስገቡት።

ጥሬውን መላክ ከዚህ ታክስ አያድንም። ጥሬው ሲገባ አይከፈልበትም እንጂ እዚያው ሲቆላ ታክሱ ይመጣል፤ ቡናውን የሚቆላውም ሰው አስቀድሞ ከጀርመን ጉምሩክ ጋር መጨረስ ያለበት ጉዳይ አለ። 100 ኪሎ ጥሬ ሲቆላ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ጥሬውን ሲልኩ ይህንንም ክብደት ያጓጉዛሉ ማለት ነው። ከመቁላቱ የሚገኘው ገቢ እዚህ እንዲቀር ከፈለጉ አሁን የያዙት መንገድ ይሻላል።

«ስጦታ» ብሎ መላክንም አይሞክሩ። ያ ነፃነት ከግለሰብ ለግለሰብ፣ እስከ 45 ዩሮ ዋጋ ላለው ዕቃ ብቻ ሲሆን ቡናውም ከግማሽ ኪሎ መብለጥ የለበትም። ለሱቅ የተላከ ካርቶን ላይ ሲገኝ የሐሰት ዲክላራሲዮን ነው።

በእኛ በኩል የሚያሰናክለው በአብዛኛው ክፍያው ነው። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሽያጭ ውሉን ሲመዘግብ ዋጋውን ከዝቅተኛው መሸጫ ዋጋ ጋር ያስተያያል፤ የውጭ ምንዛሪው ደግሞ የወጪ ፈቃዱን በሰጠው ባንክ በኩል መግባት አለበት። የአጎትዎ ልጅ ዩሮውን በሐዋላ ሰው ብር አድርጎ ቢልክልዎ ገንዘቡ ይድረስዎ እንጂ ፈቃዱ ባንክ ውስጥ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ጭነት ፈቃድ ሲጠይቁ ያልገባ ምንዛሪ አለብዎ ይባላሉ። ዩሮው ከመላኩ በፊት የፈቃዱን ቁጥር ይስጡትና የባንክ ማስተላለፊያው ላይ ያስጽፉት።