የብዕር ውፍረት መሬት ላይ ስንት ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያንና በዩጎዝላቪያ መካከል የተሰመረው ድንበር መቃብር ሳይቀር ለሁለት እንደ ከፈለ ሰማሁ። እውነት ነው? ውሉን የጻፉት ሰዎች ይህን ሳያስቡበት ቀርተው ነው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እውነት ነው። ከጎሪዚያ ከተማ አጠገብ ሚሬን በምትባል መንደር ድንበሩ በመቃብሩ መካከል አልፎ ነበር። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1975 ጣሊያንና ዩጎዝላቪያ ኦዚሞ በተባለች የጣሊያን ከተማ ከተስማሙ በኋላ ነው። ቤተሰብ የራሱን ሙት ለመጎብኘት የሌላ አገር ፈቃድ ሲያስፈልገው አስቡት።

ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ነገሩን ከችካሉ ልጀምርልዎ። በ1 ለ100,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር መሬት ላይ 50 ሜትር ይሸፍናል። በ50 ሜትር ውስጥ ቤት፣ በረትና ጓሮ ይገባል። ወጣት ሳለሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሁለት ቀበሌ ወሰን ስናካልል አንዲት እናት ከችካሉ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ውኃዬን ለማን ሰጠኸው?» አሉኝ። ጉድጓዳቸው ከመስመሩ ማዶ ቀርቶ ነበር። የሁለቱን ቀበሌ ሽማግሌዎች ጠርተን፣ ተነጋግረን፣ ችካሉን ነቅለን ሌላ ቦታ ተከልነው። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ።

ፓሪስ ላይ የሰላም ውሉን ያረቀቁት ሰዎችም ይህን አላጡትም። ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስመር አቅርበው፣ በመጨረሻ የፈረንሳይ መስመር ተመረጠ። ሐሳቡ በሁለቱም ወገን የሚቀረው የሌላው ሕዝብ ቁጥር እንዲመጣጠን ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 የተፈረመው ውል አንቀጽ 5 ደግሞ አካላዮቹ እንደ አካባቢው ሁኔታ ከመስመሩ እስከ ግማሽ ኪሎ ሜትር ፈቀቅ እንዲሉ ይፈቅዳል፤ ከ500 በላይ ነዋሪ ያላትን መንደር ወደ ሌላ አገር እስካላሻገሩ ድረስ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ላረቀቀ ሰው አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ፈቀቅ ለማለት ሁለቱ ወገኖች አብረው መቆም አለባቸው፤ ትናንት የተዋጉ ሰዎች ደግሞ ለአንድ ክንድ መሬትም አይላሉም። እኔን የረዱኝ ሽማግሌዎች እዚያ አልነበሩም።

ጎሪዚያ ከተማዋ ለጣሊያን ስትቀር ሰሜናዊው ባቡር ጣቢያ ለዩጎዝላቪያ ደረሰ። ዩጎዝላቪያም ከአጥሩ ማዶ ኖቫ ጎሪጻ የተባለች አዲስ ከተማ ቆረቆረች። በጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ አጥሩ የተነሣለት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ያው ውል እኛንም ይመለከታል። ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍልና ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። የአክሱም ሐውልት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወደ ጎሪዚያ ልመለስና፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1950፣ እሑድ ዕለት፣ በዩጎዝላቪያ በኩል የቀሩ ሰዎች በብዛት ድንበሩን ጥሰው ወደ ቀድሞ ከተማቸው ገቡ። ዘመዶቻቸውን አቀፉ፤ ሱቅ ገብተው በአገራቸው የጠፋውን ዕቃ ገዙ። ቀኑ እስከ ዛሬ «የመጥረጊያ እሑድ» ይባላል፤ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የያዙት መጥረጊያ ነበርና።