የተሸናፊዎቹንም ዋጋ አንብቡ

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ነው። የሦስት ተጫራቾችን ሰነድ ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። ቃሉ በሦስቱም ላይ ተሳስቶ ተጽፏል፣ ያውም በተመሳሳይ ቦታ። ገጹን ገለጥኩ። የዋጋ ሰንጠረዡ ላይ የማባዛት ስህተት አለ፤ እሱም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ነው። አርማቸው ይለያያል፣ ማህተማቸው ይለያያል። ሰነዱን ያዘጋጀው እጅ ግን አንድ ነበር፤ ተፎካካሪ መስለው በዋጋ ተመሳጥረዋል ብዬ ጠረጠርኩ።

በጣም ደስ አለኝ። ከደስታዬ ብዛትም ትልቅ ጥፋት ሠራሁ። ለሦስቱም ደብዳቤ ጽፌ ማብራሪያ ጠየቅኩ። መርማሪዎች ቢሯቸው ሲደርሱ ኮምፒውተሮቹ ተጠርገው፣ ማስታወሻ ደብተሮች ጠፍተው፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ አጥንተው ጠበቋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በግዥ ክፍልም ሆነ በኦዲት የምትሠሩ ሁሉ፣ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ለተጠርጣሪው ትንፍሽ አትበሉ። ሰነዱን ከነኤንቨሎፑ አስቀምጡ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ በዚያው ቀን ጻፉ። ከዚያ የገበያ ውድድርን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን አሳውቁ። ጨረታው ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለውንም ብቻችሁን አትወስኑ፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካከሩ።

አሁን ለምን ዱካ እንደሚተዉ ልንገራችሁ። ዋጋ ለመስማማት የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ አይተማመኑም። እያንዳንዱ ከተስማሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ሥራውን ለብቻው መጠቅለል ያምረዋል። ስለዚህ ስምምነቱ ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። የዛሬውን ጨረታ ማን እንደሚወስድ መወሰን አለበት፣ ሌሎቹ አጃቢ ሆነው ሆን ብለው የተጋነነ ዋጋ ማስገባት ወይም ከነጭራሹ መቅረት አለባቸው፣ የአጃቢዎቹም ውለታ በቀጣዩ ተራ፣ በንዑስ ተቋራጭነት ወይም በጥሬ ገንዘብ መመለስ አለበት። ይህ ሁሉ ስብሰባ ይፈልጋል። ስልክ ይፈልጋል። የሒሳብ መዝገብ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጀነራል ኤሌክትሪክንና ዌስቲንግሃውስን ጨምሮ የከባድ ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ተራቸውን የሚለዩበት ሰንጠረዥ ነበራቸው። በአንዱ ዕቃ ላይ ሰንጠረዡ የተሠራው በጨረቃ አቆጣጠር ነው። ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያስገባው ድርጅት ይቀያየራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ተራ አጋጣሚ ይመስላል። ግን የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የመንግሥት ኃይል አምራች ከተለያዩ ድርጅቶች በታሸገ ኤንቨሎፕ አንድ ዓይነት ዋጋ ደጋግሞ እየመጣለት ስለነበር አቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሰባት ኃላፊዎች የ30 ቀን እስር ተፈረደባቸው። ያን ሁሉ የጎተተው አንድ ገዢ መሥሪያ ቤት የደረሱትን ዋጋዎች አስተያይቶ ዝም አለማለቱ ነው።

ቁጥር የምትወዱ ካላችሁ ይህ ሙያ ይፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የፋይናንስ ተመራማሪዎች ናስዳክ የተባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ዋጋዎች ሲያጠኑ አንድ የጎደለ ነገር አዩ። ዋጋ የሚሰጠው በዶላር ስምንተኛ ነበር። ከመረመሯቸው 100 አክሲዮኖች በ70ዎቹ ላይ ግን ጎዶሎ ስምንተኞቹ፣ ማለትም አንድ ስምንተኛ፣ ሦስት ስምንተኛ የሚሉት፣ የሉም ማለት ይቻላል። ዋጋውን የሚሰጡት አገናኝ ነጋዴዎች በእነዚያ ዋጋዎች ቢጠቀሙ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ትርፋቸው ይጠብ ነበር። የጥናቱ ወሬ እ.ኤ.አ. በ1994 በጋዜጣ ሲወጣ በአንዳንዶቹ ታዋቂ አክሲዮኖች ላይ ልዩነቱ ወዲያው ጠበበ። የሌለውን ነገር ማየት ካለው ይልቅ ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው ይህን ምሳሌ የምወደው።

ሌላም አለ። ለአሜሪካ ጦር የቀዘቀዘ ዓሣ የሚያቀርቡ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመሳጥረው ነበር። ምስጢሩ ሲፈርስ ዋጋው በአማካይ 16 በመቶ ወረደ፣ መዋዠቁ ግን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ነፃ ገበያ ይነቃነቃል። የዓሣ ዋጋ ወደብ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የጨረታው ዋጋ ድርቅ ብሎ ከቆመ አንድ ሰው ይዞታል ማለት ሊሆን ይችላል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የመንግሥት ጨረታዎችን በኮምፒውተር የሚያጣራ ሥርዓት አላት፤ የተጫራቾች ብዛትን፣ አሸናፊው ዋጋ ከተገመተው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ፣ ይህን የመሰለውን አይቶ አጠራጣሪውን ይጠቁማል።

ይጠቁማል ነው ያልኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የሚገዙት ጥሬ ዕቃ ዋጋው ከጨመረ የሁሉም ዋጋ በአንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። ዋጋ በአደባባይ በሚለጠፍበት ገበያ አንዱ ሌላውን አይቶ ሊከተለው ይችላል። በብዙ አገሮች ሕግ ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ወንጀሉ መስማማቱ ነው። ዋጋዎችን በምታስተያዩበት ሰንጠረዥ ላይ ብቻ የተመሠረተ ክስ ንጹሕ ነጋዴን ሊያጠፋ ይችላል። የሰንጠረዡ ሥራ የት መቆፈር እንዳለባችሁ ማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ፍተሻው፣ ኢሜይሉ፣ የስልክ መዝገቡ፣ የፋይሉ ባሕርይ ይመጣል፤ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ሰነድ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተፈጠረ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ካርቴልን፣ ማለትም በዋጋ የተመሳጠሩ ተፎካካሪዎችን ቡድን፣ የሚሰብረው ከውስጥ የሚወጣ ሰው ነው። ሌቦች የሚጣሉት ሲካፈሉ ነው ይባላል። ባለሥልጣናቱ ይህን ጠብ ሕግ አደረጉት። አሜሪካ የምህረት ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በ1993 ስታሻሽል መርማሪዎች ሳይደርሱ ቀድሞ ለተናዘዘና ለተባበረ ድርጅት ከክስ ነፃ መሆንን ዋስትና አደረገችለት። አንድ ድርጅት ብቻ ነው ይህን የሚያገኘው፣ የመጀመሪያው። ሁለተኛ የመጣ በምርመራው ቢተባበር ቅጣቱ ሊቀንስለት ይችላል እንጂ ያንን አያገኝም። እንግዲህ አስቡት፣ ስምምነቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ማታ ሲተኛ ጓደኛው ነገ ጠዋት ቀድሞት ይሄድ እንደሆነ ያሰላስላል።

የአውሮፓ የጭነት መኪና አምራቾች ለ14 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2011፣ ተመሳጥረው ቆዩ። “ማን” (MAN) የሚባለው ኩባንያ ቀድሞ ተናገረና 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ቅጣት ቀረለት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከቀሩት አራቱ፣ ቮልቮ፣ ዳይምለር፣ ኢቬኮና ዳፍ፣ በድምሩ 2.93 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጡ። አጥፊው እንዴት ምህረት ያገኛል ብላችሁ የምትበሳጩ አላችሁ። እኔም ተበሳጭቼ አውቃለሁ። ግን 14 ዓመት የተደበቀን ነገር ያለ ውስጥ አዋቂ ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሥራው አስተምሮኛል፣ ዛሬ ያለ ማመንታት እደግፈዋለሁ።

ከእናንተ ብዙዎቹ ደግሞ በሻጭ በኩል ነው የምትሠሩት። ለእናንተ ያለኝ ነገር አጭር ነው። ዋጋ የሚወራበት ክፍል ውስጥ ከተፎካካሪ ጋር ራሳችሁን ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ዝምታ እንደ መስማማት ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ተቃውሞአችሁን ተናገሩ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ፣ ተነሥታችሁ ውጡ፣ በዚያው ቀን ለሕግ አማካሪያችሁ ንገሩ። የማኅበር ስብሰባ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የእንስሳት መኖ ላይ የሚጨመረው የላይሲን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋጋ ሲወስኑ ሽፋናቸው የኢንዱስትሪ ማኅበር ነበር። ከመካከላቸው አንድ ኃላፊ ግን ንግግራቸውን በድብቅ ለኤፍቢአይ እየቀዳ ነበር። ኮምፒውተር ነው የወሰነው ማለትም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ በኢንተርኔት የግድግዳ ፖስተር የሚሸጡ ነጋዴዎች ስምምነታቸውን በዋጋ ማውጫ ሶፍትዌር በኩል ስላስፈጸሙ ብቻ ከመጠየቅ እንደማያመልጡ አሳይታለች።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ልመልሳችሁ። ባየኋቸው ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚመዘገበው አሸናፊውና ያሸነፈበት ዋጋ ብቻ ነው። የሌሎቹ ኤንቨሎፕ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ ይወገዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ኦሃዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለትምህርት ቤቶች ወተት የሚያቀርቡ ድርጅቶች ዋጋ የተመረመረበትን ጥናት አስቡ። ወተት ሩቅ ሲሄድ ማጓጓዣው ይጨምራል፣ ዋጋውም መጨመር ነበረበት። የተጠረጠሩት ግን ቅርባቸው ካለው ትምህርት ቤት ይልቅ ለራቀው ርካሽ ዋጋ ይሰጡ ነበር፤ ቅርባቸው ላይ ተስማምተዋል፣ ራቅ ሲሉ ይወዳደራሉ። ይህ የታየው ያልተመረጡት ዋጋዎችም ተቀምጠው ስለቆዩ ነው። እናንተም ያለፉትን አምስት ዓመታት ፋይል አውጡ። ማን ሰነድ ገዛ፣ ማን ሳያስገባ ቀረ፣ እያንዳንዱ ስንት አቀረበ፣ ማን አሸነፈ፣ ከተሸናፊዎቹ ማን በኋላ ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ መጣ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ሙሉት። የመጨረሻውን ዓምድ ስትሞሉ ቀስ በሉ።